የንግድ ቤት ደላላ ደብረ ብርሃን ላይ ምን ይልበስ? ሱፍ ወይስ ጃኬት?

የጠባሴ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን ሳገናኝ የነበረው መኖሪያ ቤት ነው፣ የግቢ ቤት ኮንዶሚኒየም ተማሪ የሚከራየው ሰርቪስ ምናምን፣ አሁን አዲስ አበባ ከሚሰራ ጓደኛዬ ጋር ተጣምረን ወደ ንግድ ቤት እየገባን ነው፣ ለባንክ ቅርንጫፍ የሚሆን ግራውንድ፣ መጋዘን፣ ሼድ፣ ሲገኝም ሙሉ ህንፃ። መኖሪያ ቤት ላይ እያለሁ ጂንስና ጃኬት ነበር፣ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። አሁን ጓደኛዬ በደወለ ቁጥር "ሱፍ ግዛ፣ ከረባት እሰር፣ በጃኬት የባንክ ሰው ፊት እንዳትቆም" ይለኛል። እሱ ቦሌ ተቀምጦ ነው እንዲህ የሚለው፣ እኔ ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው፣ ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ የሚያድርበት አገር።

ደግሞ ቀኑ አንድ ወጥ አይደለም። ጠዋት 3 ሰዓት ለባንክ ኮሚቴ ህንፃ ሳስጎበኝ ቆይቼ ከሰዓት ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ መጋዘን ግቢ ውስጥ ጭቃ እየረገጥኩ ሲኖትራክ ይዞራል አይዞርም እያልኩ እለካለሁ፣ አመሻሽ ላይ ባለቤቱ ቤት ሄጄ ቡና እየጠጣን ዋጋ እናወራለን። ለሶስቱ ሶስት ልብስ ልቀያይር? መኪና የለኝም። አልፎ አልፎ ሸዋ ሮቢትም ስራ አለ እዛ ደግሞ ሌላ አለም ነው። ሱፍ የግድ ነው ወይ? ስራው ላይ ያላችሁ፣ ወይ ደላላ የሚመጣባችሁ ባለቤቶችና ተከራዮች፣ ምን ለብሶ ሲመጣ ነው የምታምኑት?

ካዊያ፦
ሱፍ ልበስ። አለቀ። ሚሊዮኖች የሚያወጣ ንብረት እያሳየህ በጂንስ አትሄድም።

ደጋው፦
ሱፍ የለበሰ ደላላ ሲመጣ እኮ ኮሚሽኑም ሱፍ ለብሶ ነው የሚመጣው ሃሃሃ

አያ ደላላው፦
ልጄ እኔ ቢሮ የሚባል ነገር ሳይኖር በፊት ካፌ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ስራውን የጀመርኩት፣ ስለ ባለቤቶቹ ልንገርህ ምክንያቱም እናንተ ልጆች ሁላችሁም የምታስቡት ስለ ባንኩ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ህንፃ ያቆመው ሰው ማነው? ብዙውን ጊዜ እህል ሲነግድ፣ በግ ሲነግድ፣ ጨርቃ ጨርቅ ሲሸጥ ኖሮ ብር ባገኘ ቁጥር አንድ አንድ ወለል እየጨመረ ያቆመ ሰው ነው። ራሱ ጋቢ ደርቦ ነው በር የሚከፍትልህ። አንተ ከረባት አስረህ ቦርሳ አንጠልጥለህ ስትገባበት መጀመሪያ የሚመጣበት "ይሄ ከገቢዎች ይሆን?" ነው፣ ደላላ መሆንህን ሲሰማ ደግሞ "እንዲህ የለበሰ ልጅ ስንት ሊበላብኝ ነው" ይላል። ሁለት ፐርሰንት ስትለው ኮትህን እያየ ነው የሚከራከርህ።

ስለዚህ ባለቤት ጋ ስትሄድ ንፁህ ኮት፣ ከውስጥ ሹራብ፣ ኮሌታው የቆመ ሸሚዝ፣ ከረባት የለም፣ ጫማ የተወለወለ። ቤት ስትገባ ጫማ ልታወልቅ ስለምትችል ካልሲህን እየው፣ አውራ ጣቱ የወጣ ካልሲ ይዞ ስለ 400 ካሬ ህንፃ የሚያወራ ሰው አይቻለሁ። ባለቤቱ ቁልፉን ካልሰጠህ ለባንኩ ምን ልታሳይ ነው?

ካዊያ፦
@አያ ደላላው ጋሼ በአክብሮት፣ ዘመኑ ተቀይሯል። አሁን የህንፃው ባለቤት ልጅ ነው የሚያወራህ፣ እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ ነው።

አያ ደላላው፦
@ካዊያ ልጁ ያወራል፣ የሚፈርመው አባትየው ነው።

ባንክ ቤት ነኝ፦
እኔ ደግሞ ከሌላኛው ወንበር ልናገር። የቅርንጫፍ ቦታ የሚያይ ኮሚቴ ውስጥ ገብቼ አውቃለሁ፣ የየትኛው ባንክ እንደሆነ ይቅር። እኛ ስንመጣ የምናየው የፊት ለፊቱ ስፋት፣ ግራውንዱ ከመንገዱ ምን ያህል ከፍ ወይ ዝቅ እንዳለ፣ ኤቲኤሙ የት እንደሚቆም፣ የጄኔሬተር ቦታ፣ ካዝናውን ወለሉ ይችለዋል ወይ፣ መኪና ማቆሚያ፣ ካርታው በማን ስም ነው የሚለውን ነው። ሱፍ አይገርመንም፣ ቴለሩም ሱፍ ነው የለበሰው።

ጫማ ግን እናያለን። አንድ ጊዜ ደላላው ከጭቃ መጥቶ ሳይጠርግ አዲስ ሴራሚክ ላይ ወዲህ ወዲያ ሲል የህንፃው ባለቤት ሴትዮ ከኋላው መወልወያ ይዘው ሲከተሉ ነበር፣ ኮሚቴው ከዛ በኋላ እሱን ትቶ ጥያቄውን ሁሉ ለሴትዮዋ ነው ያቀረበው፣ ሰውየው እዛው ቆሞ ከንግግሩ ወጣ። ኪሱ በወረቀት ተወጥሮ የካርታውን ኮፒ ለማውጣት ቻርጀር ቁልፍና መሀረብ ቀድሞ የሚወጣበት ሰውም አለ።

ሌላው ማንም ያላነሳው፣ ደብረ ብርሃን ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰው ያልገባበት ህንፃ ከደጁ ይበልጥ ይበርዳል፣ ኮንክሪት ነው፣ ማሞቂያ የለም፣ መስታወቱም ገና ያልተገጠመ ሊሆን ይችላል። ኮሚቴው በሙሉ ካፖርቱን እንዳደረገ ነው ዞሮ የሚወጣው፣ ሰብሳቢያችን ሻርፓቸውን እንኳን አይፈቱም። ከውስጥ የለበስከውን ሱፍ ማን ያየዋል? ብር ካለህ ካፖርትና ጫማ ላይ አውጣው።

የጠባሴ ልጅ፦
@ባንክ ቤት ነኝ እናንተ ከረባት አትጠብቁም ማለት ነው? ጓደኛዬ እኮ ያለ ከረባት በሩንም አያስገቡህም ነው የሚለኝ

ባንክ ቤት ነኝ፦
ዋናው መስሪያ ቤት አዲስ አበባ ሄደህ ፕሮፖዛል የምታቀርብ ከሆነ እሰር። ሳይት ላይ አያስፈልግም፣ ብታስርም በሻርፑ ተሸፍኖ ነው የሚውለው።

ሱፍ ሰፊው፦
ልብስ ሰፊ ነኝ ስለዚህ ሱፍ አታሰፋ ብዬ አልመክርም ሃሃሃ። ግን ካሰፋህ አይቀር የሚሆንህን ልንገርህ።

የሚያብረቀርቀውን ፖሊስተር አትንካው። እዚህ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው ያለነው፣ ፀሐዩ ይፋጃል ጥላው ይቆርጣል፣ ያ ጨርቅ ፀሐይ ላይ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያንፀባርቃል፣ ጥላ ስትገባ ብርድ አይዝልህም፣ ፎቅ ስትወጣ ስትወርድ ደግሞ ላቡን ቋጥሮ ያስቀርልሃል። ከበግ ፀጉር የተሰራ ቢያንስ ድብልቅ የሆነ ጨርቅ ፈልግ፣ መፈተኛው ቀላል ነው፣ ጨብጠህ ትንሽ ቆይተህ ልቀቀው፣ ተጨማዶ ከቀረ ተወው፣ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ያዘው።

አንድ ኮት ሁለት ሱሪ አሰፋ። ደላላ ኮቱ አያልቅበትም፣ የሚያልቀው ሱሪው ነው፣ ጉልበቱና መቀመጫው፣ ያላለቀ ህንፃ ውስጥ ደግሞ የወጣ ፌሮ ይይዘዋል ይቀዳል፣ ያኔ ሱሪ ከሌላ ጨርቅ ስታሰፋ ቀለሙ አይገጥምም። ርዝመቱ ጫማው ላይ ነካ ብሎ ይቁም፣ ተጠራቅሞ ከወረደ የሰፈሩን ጭቃ ሁሉ ለቅሞ የሚገባው እሱ ነው። ቀለም ግራጫ፣ ወይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ። ጥቁር አልመክርም፣ የሲሚንቶ አቧራ ያወጣል፣ ሰው ሲያይህም ከለቅሶ የመጣህ ይመስለዋል።

ካፖርት የምትደርብበት ከሆነ ለሰፊው ቀድመህ ንገረው፣ የኮቱ ትከሻ ላይ ወፍራም ፓድ አይግባ፣ ካፖርቱ ሲደረብበት ያብጣል አንገት የሌለህ ነው የምትመስለው። ካፖርቱን ስትለካም ኮቱን እንደለበስክ ተለካ፣ በሸሚዝ ተለክተህ የገዛኸው ካፖርት ኮት ላይ አይቆለፍም። የውስጥ ኪሱን ሰፋ ያስደርግ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ የካርታ ኮፒ ሳይታጠፍ የሚገባበት፣ ዝናብ ቢመጣም አይነካውም።

ካርታ ይቅደም፦
ጎበዝ ምን ነካችሁ። ሰው የሚያምነው ልብስ አይደለም ወረቀት ነው። ካርታው ንፁህ ነው ወይ፣ በባንክ ታግዷል ወይ፣ የሊዙ ክፍያ ስንት ቀርቷል፣ ውክልናው አልተሻረም ወይ። እሱን የሚመልስ ደላላ በፒጃማ ቢመጣም አዳምጠዋለሁ።

ደጋው፦
@ካርታ ይቅደም በፒጃማማ ጠባሴ ድረስ አይደርስም፣ መንገድ ላይ ደርቆ ነው የሚገኘው

የአንኮበር ልጅ፦
ስለ ሴት ማንም ሳያነሳ ክሩ ሊያልቅ ነው እንዴ? እኔም ይሄንኑ ስራ ነው የምሰራው፣ ሱቅና የቢሮ ወለል አከራያለሁ። ከህንፃው ባለቤት ጎን ስቆም የሚመጣው ተከራይ "ፀሐፊያቸው ነሽ?" ይለኛል፣ ሰላም ሳይለኝ ሰውየውን ጨብጦ ማውራት የሚጀምርም አለ። ለኔ ልብስ ማለት መጀመሪያ እሱን ማስቆሚያ ነው።

ቀሚስ ትቻለሁ። ያላለቀ ፎቅ መወጣጫው እንጨት ነው፣ በጠባብ ቀሚስ አይወጣም፣ ከታች ደግሞ ቆሞ የሚያይ ሰው አይጠፋም፣ ሁሌ "አንተ ቅደም" ማለት ይሰለቻል። የምለብሰው ግራጫ ሱሪ፣ ሃይ ኔክ ሹራብ፣ ከላይ ቅርፁን የያዘ ኮት፣ ከውስጥ ወፍራም ታይት (ብርዱን የምትታገሉት ወንዶች ብቻ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል)። ሂል የለም፣ ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚመጣ የቆዳ ቦት፣ ሶሉ ላስቲክ የሆነ፣ ሊሾም ላይ ጭቃም ላይ አይንሸራተትም ሲወለወል ደግሞ ፎርማል ነው። ፀጉሬ ይያዛል ምክንያቱም የጣሪያ ሰገነት ላይ ንፋሱ ሌላ ነው፣ አንድ እጅሽ ፀጉር ላይ አንድ እጅሽ ስልክ ላይ ሆኖ ምን ትጠቁሚያለሽ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ልብስ አይደለም፣ ሌዘር ሜትር ነው። ገብቼ ሰላም ብዬ ወዲያው ግድግዳው ላይ አነጣጥሬ "የውስጡ ስፋት ይሄን ያህል ነው፣ ኮለኑን ስንቀንስ ይሄን ያህል ይቀራል" ካልኩ በኋላ ፀሐፊ የሚለኝ የለም።

አንድ ልጨምር ለወንዱም ለሴቱም። በውርስ የሚሸጥ ንግድ ቤት ብዙ ነው። ወራሾች ጋ ስትገባ ሰው የሞተበት ቤት ነው የምትገባው፣ አርባው እንኳን ያልወጣ ሊሆን ይችላል። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ነጠላ አይጠፋም፣ ሽቶ አልቀባም፣ ደማቅ ሻርፕ አውልቄ ነው የምገባው። ወንዶቹም የሟች ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሳለ በቀይ ከረባት ስለ ካሬ ዋጋ አታውሩ።

አያ ደላላው፦
@የአንኮበር ልጅ እሰይ የኔ ልጅ። እንዲህ ያለ ቤት መጀመሪያ ቀን ዋጋ ጭራሽ አይነሳም። እግዜር ያፅናችሁ ብለህ ቁጭ ብለህ የቀረበልህን ቀምሰህ ትወጣለህ፣ ስልክህን እነሱ ናቸው የሚጠይቁህ።

ቨርጂኒያ ነኝ፦
የሰላ ድንጋይ ልጅ ነኝ፣ አሁን ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ የንግድ ህንፃ የሚያከራይ ድርጅት ውስጥ እሰራለሁ። የሚገርመው እዚህም ያው ክርክር አለ። የቢሮ ፎቅ የሚያከራዩት ብሮከሮች ሱፍ ይለብሳሉ፣ ከረባቱ ግን ከኮቪድ ወዲህ በጣም ቀንሷል። የሱቅና የሬስቶራንት ቦታ ላይ ያሉት ኮት በጂንስም ይሄዳሉ። መጋዘን የሚሰሩት ካኪ ሱሪ፣ ቦት ጫማ፣ የድርጅቱ አርማ ያለበት እጅጌ የሌለው ጃኬት፣ እሱ ጃኬት እንደ ዩኒፎርም ሆኗል ሁሉም አንድ አይነት ነው። መጋዘን ውስጥ ሱፍ ለብሰህ ብትመጣ የፎርክሊፍት ሾፌሩ ሳይቀር ስራውን የማታውቅ አርጎ ነው የሚያይህ። ሁሉም መኪናው ኋላ ቦት፣ ሄልሜትና ሪፍሌክተር አለው፣ ግንባታ ላይ ያለ ሳይት ያለ እሱ አያስገባም። ምክሬ አንዱን ዘርፍ ምረጥና ልብስህም እሱን ይምሰል።

ደጋው፦
ወንድም ልጁ መኪና የለኝም ብሏል እኮ፣ ሄልሜቱን ባጃጅ ላይ ይስቀለው? እዚህ ደግሞ አንድ ዘርፍ ብሎ ነገር የለም፣ ጠዋት ግራውንድ ከሰዓት ሼድ ማታ የዶሮ እርባታ ነው።

የጠባሴ ልጅ፦
@ደጋው በትክክል! የዶሮ እርባታውን ማን ነገረህ ሃሃ። ካፖርቱን ተቀብያለሁ፣ ከረባቱንም ትቻለሁ። የቀረኝ ጫማው ነው። ጠዋት በቆዳ ጫማ ባንክ አሳይቼ ከሰዓት ጭቃ ውስጥ ስገባ ያበላሸዋል፣ በቦት ጠዋት ከሄድኩ ደግሞ ሴራሚኩ ላይ እንደዛኛው ሰውዬ ልሆን ነው። ጫማ በፌስታል ይዤ ልዙር?

ቀበሌ 08፦
ሊስትሮ ጋ አስቀምጥ። ሲሪየስ ነኝ። አንድ ደንበኛ ሊስትሮ ያዝ፣ ባንኮቹ የተደረደሩበት አካባቢ የሚቀመጥ፣ ጠዋት ቦትህን እሱ ጋ ትተህ ጫማህን አስወልውለህ ትሄዳለህ፣ ከሰዓት መጥተህ ትቀይራለህ፣ አመሻሽ ላይ ስትመለስ የቆዳው ተወልውሎ ይጠብቅሃል፣ ቦቱን ደግሞ ያጥብልሃል። ወር ጠብቀህ ከምትከፍለው በየቀኑ ክፈለው። ሐምሌ ነሐሴ ላይ እሱም ስለሚጠፋ አጠገቡ ካለችው ሱቅ ጋ ተነጋገር። ከጥቅሙ ሌላ ሊስትሮ የማያውቀው የሚከራይ ቤት የለም፣ ግማሽ ወሬህን ከሱ ነው የምታገኘው።

ካርታ ይቅደም፦
ለመጀመሪያ ጊዜ የማይረባ ያልሆነ ነገር አነበብኩ እዚህ ክር ላይ

ባንክ ቤት ነኝ፦
የክረምቱ ላይ ልጨምር፣ ሼድና መጋዘን ስታሳይ የላስቲክ ቦቲ ብታደርግ ማንም አይንቅህም። እንደውም ለደንበኛው "ቦቲ ይዘው ይምጡ" ብለህ ቀድመህ ከደወልክለት ቦታውን እንደምታውቀው ያኔ ይገባዋል። የሚያበሳጨን ሳይነግረን ወስዶ ጭቃ ውስጥ የሚከተን ነው።

መንዜው፦
ስለ ካፖርት ይሄን ሁሉ ስታወሩ በርኖስ የሚል አንድ ሰው ይጥፋ? ትከሻው ላይ ሹል ያለው ጥቁር የመንዝ በርኖስ፣ የራሳችን በግ ፀጉር፣ ካፊያም አያልፈውም። መሐል ሜዳ ላይ በሱ ነው ክረምቱን የምንወጣው። ኢንቨስተሩ ፊት በርኖስ ደርበህ ብትቆም እኮ ዕድሜውን አይረሳህም።

ሱፍ ሰፊው፦
@መንዜው በርኖስን እወደዋለሁ፣ ግን እጅህ ውስጥ ሆኖ ሜትር እንዴት ትዘረጋለህ? ለበዓል ለሰርግ ይሁን። ጨርቁን ግን ካፖርት አርጌ ልሰፋው እችላለሁ፣ ከባድ ነው ሁለት ሳምንት ስጡኝ።

መንዜው፦
በርኖስን ቆርጠህ ካፖርት?! እግዚኦ

ካዊያ፦
እሺ ካፖርት ይሁን ብለን እንቀበል፣ አዲስ የሱፍ ካፖርት ዋጋው ታውቃላችሁ? ልጁ ስራ ጀማሪ ነው።

የአንኮበር ልጅ፦
ልባሽ ተራ ሂድ። እውነት ነው የምልህ፣ የኔ ኮት ከዛ ነው። ከውጭ የሚመጡት የወንድ ካፖርቶች ብዙዎቹ ንፁህ ሱፍ ናቸው፣ እዚህ አዲስ ተብሎ ከሚሸጠው ይሻላሉ።

ካዊያ፦
በልባሽ የባንክ ኮሚቴ ፊት መቅረብ ደስ ይላል እንዴ፣ ሼም ነው

ባንክ ቤት ነኝ፦
@ካዊያ የኔም ልባሽ ነው፣ እስካሁን ማንም አላወቀም፣ አሁን አንተ አወቅክ።

ሱፍ ሰፊው፦
ልባሽ ስትገዛ የምታየው እነዚህን ነው። ብብቱን ገልብጠህ ገበሩን እይ፣ ተቀዶ ከሆነ ይቀየራል ችግር የለውም። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሳው፣ ብል የበላው ካለ ትንንሽ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል፣ ያ ከሆነ ተወው ሌላውንም ልብስህን ያስበላብሃል። ትከሻው ልክህ መሆን አለበት፣ እጅጌና ርዝመት እናስተካክላለን ትከሻ ግን ፈትቶ መስፋት ከዋጋው በላይ ያስወጣሃል። ቁልፎቹን በሙሉ በአንድ አይነት ቀይር፣ ያኔ ነው ልባሽነቱ የሚጠፋው። ርዝመት ጉልበት ድረስ ይበቃል፣ ከዛ ከወረደ ባጃጅ ስትገባ ትረግጠዋለህ። ከመልበስህ በፊት ላውንደሪ ስጠው፣ ውሃ ውስጥ እንዳትነክረው ይሰበሰባል።

ቀወት ሙቀት፦
ከሸዋ ሮቢት ነኝ። እናንተ ደጋዎቹ ካፖርት ካፖርት ስትሉ ላቤ መጣ። ለልጁ የምለው፣ ካፖርትህን ይዘህ እንዳትወርድብን። እዚህ 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከናንተ ጋ ሲተያይ ወደ 1,500 ሜትር ዝቅ ትላለህ፣ መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም ልብሱ ግን ወቅት ይቀየራል። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ጉም ውስጥ ጥርስህ እየተንገጫገጨ ነው የምታልፈው፣ ደብረ ሲና ቆሎ ስትገዛ ካፖርቱን ታወልቃለህ፣ እኛ ጋ ስትደርስ ሹራቡንም። ሹራብ ከስር ቲሸርት ብቻ አርገህ ከመጣህ በቲሸርት ቀረህ ማለት ነው፣ ስለዚህ ከስር የጥጥ ሸሚዝ ይኑር፣ ነጣ ያለ ቀለም፣ እጅጌውን ሁለት ጊዜ ጠቅልለህ ትሰራለህ። ሱሪም ቀለል ያለ ጥጥ። ከረባት ያደረገ ሰው እዚህ ሰርግ ላይ ነው የምናየው።

ሰንደል አታድርግ ግን። ሙቀት ነው ብሎ በሰንደል የመጣ ደላላ ነበር፣ መጋዘኑ ውስጥ ማዳበሪያና የማሾ ገለባ ነው፣ ጊንጥም አለ። ሌላ ደግሞ፣ ኢፋት በኩል ሙስሊም ነጋዴዎች ብዙ ናቸው፣ አርብ ከሰዓት ቀጠሮ አትያዝ፣ ሴት ደላላ ከሆነች ሻርፕ ብትይዝ ቤት ስትገባ ይጠቅማታል።

የአንኮበር ልጅ፦
@ቀወት ሙቀት ነጠላዬ ለሁሉም ይሆናል

የጠባሴ ልጅ፦
@ቀወት ሙቀት መንገዱ ሰላም ሲሆን መጥቼ አይሃለሁ። ሸሚዝ ከስር የሚለው አሪፍ ነው፣ እኔ ቲሸርት ላይ ሹራብ ነበር የማደርገው።

አያ ደላላው፦
ሁሉም ጥሩ ብላችኋል፣ አንድ ቀን ግን አልተነሳም፣ የፊርማው ቀን። ውል ማረጋገጫ ስትሄዱ ባለቤቱ ራሱ ጋቢውን ጥሎ ሱፍ ከነሰደርያው ለብሶ ነው የሚመጣው፣ ልጆቹ ይመጣሉ፣ ምስክሮቹ ይመጣሉ፣ ፎቶም ይነሳሉ። ለሰውየው ዕድሜ ልኩን የለፋበት ነው እየተፈረመ ያለው። የዛን ቀን በጃኬት ከቆምክ ነገሩን አቅልለህበታል። ሱፍህን ለዛ ቀን አስቀምጠው፣ ከረባትም እሰር፣ ያኔ የሚያስከፋው ሰው የለም ኮሚሽኑም ተስማምታችሁበታል። ጥቁር መነፅር ግን በየትኛውም ቀን አይደረግም፣ ዓይንህን ያላየ ሰው ቀብድ አይሰጥህም። የወርቅ ቀለበትና ሰንሰለት ለሚስትህ ስጣት።

ካዊያ፦
ያው ሱፍ አልኩ አይደል መጀመሪያም

ደጋው፦
@ካዊያ አንድ ቀን አገኘህ በቃህ

የጠባሴ ልጅ፦
እሺ፣ የማደርገውን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ልባሽ ተራ ነኝ፣ ካፖርት ግራጫ ወይ ቡኒ፣ ትከሻው ልክ የሆነ። ሁለት ጫማ፣ አንዱ የቆዳ አንዱ ቦት፣ ሊስትሮ አለኝ ስራውም ይገባዋል። ከስር የጥጥ ሸሚዝና ሃይ ኔክ ያልሆነ ሹራብ፣ ኮሌታው እንዲታይ። ሱፉን የመጀመሪያው ኮሚሽን ሲገባ አሰፋለሁ፣ አንድ ኮት ሁለት ሱሪ። ጓደኛዬ ምን እንደሚለኝ አላውቅም፣ ምናልባት ጥር ላይ መጥቶ አንድ ቀን አብሮኝ ቢውል ይስማማል። @ሱፍ ሰፊው ሱቅህ የት ነው?

ሱፍ ሰፊው፦
በውስጥ መስመር ፃፍልኝ። ካፖርቱን ስትገዛ ከመክፈልህ በፊት ፎቶ ላክልኝ፣ የገበሩንም። እና ለጥምቀት የሚያሰፋው ብዙ ስለሆነ ታኅሣሥ ሳይጋመስ ና።

ቀወት ሙቀት፦
ከልብስ ወጣ ልበልና፣ @የጠባሴ ልጅ ማሾ የማስቀምጥበት መጋዘን እየፈለግኩ ነው፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ሲኖትራክ ገብቶ የሚዞርበት፣ ወለሉ ሊሾ የሆነ እርጥበት የማይስብ። 300 ካሬ ይበቃኛል። አለህ?

የጠባሴ ልጅ፦
አንድ አውቃለሁ። ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ነበር ተጠግኗል ብለውኛል፣ እኔው ራሴ ሳላየው አልወስድህም። ነገ ደውዬ ቁልፍ ያለውን ሰው አገኘዋለሁ፣ ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝ።

ቀወት ሙቀት፦
ላክኩ። ስትመጣ ካፖርቱን ተወው።